ከአስራ ሁለት በታች

«ልጅሽ ጤነኛ ነው ብለው መለሱኝ» አለች ሙሚና። የተሰጣትን ሻይ ሳትቀምስ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «ሰው ሁሉ እየሰማ! ‹የአንቺ ጤነኛ ነው፣ ሰልፉን አታጣቢ› አለኝ ዱቄት የሚያድለው። እኔም ጤነኛውን አዝዬ መጣሁልሽ።»

ዓፊያ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ነበር በሩ የተንኳኳው። የወንድሟ የኑርሁሴን ሚስት ሳታስነግር መጥታ አታውቅም። ከገንደ ሀሮ እስከ አስፋልቱ ሁለት ሰዓት በእግር ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ከሚሴ በአይሱዙ ሰባት ብር። ገና ሱብሒ ሳይሰገድ ተነስታ መሆን አለበት፤ የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ክፍሉ ዓፊያ በወር መቶ ሰማንያ ብር የምትከፍልበት የቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ግድግዳው ላይ በጋዜጣ የተለጠፈ ቀዳዳ። ግንቦት ከገባ ወዲህ ቆርቆሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይንቋቋል። ኸይረዲን አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣራውን ያያል። ሃያ ወሩ ነው። እንግዳ ቤት የገባ ልጅ የሚያደርገውን አያደርግም፤ ባልዲውን አልነካም፣ አላለቀሰም፣ ብስኩት ሲሰጠው ተቀብሎ ያዘውና ረሳው።

በሁለቱ ቤት መሐል የሁለት ወር ዝምታ ነበር። መጋቢት ላይ ኑርሁሴን ደውሎ፣ በልጉ እንደቀረ፣ አንዱን በሬ ጨፋ ሮቢት ወስዶ በግማሽ ዋጋ እንደሸጠ ከነገራት በኋላ፣ እሷ በወረዳው ቢሮ ከምትይዘው የፋፋ ዱቄት እደላ ዝርዝር ልጁ እንዲገባለት ጠይቋት ነበር። ሌላ ጊዜ ምንም ጠይቋት አያውቅም። ዓፊያም፣ «ዝርዝሩን ሰው አይደለም የሚያወጣው፣ ኮምፒውተሩ ነው። ከእናንተ የባሰበት አለ። የእናንተ ቀበሌ ግራፍ እንኳ ደህና ነው» ብላ መለሰችለት። እውነቷን ነበር። ወንድሟ ስልኩን አልዘጋውም፤ የበግ ድምፅ፣ ነፋስ፣ ከዚያ የራሱ ትንፋሽ እየተሰማ ቆየና ካርዱ አልቆ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እሷም አልደወለችም።

«ካርዱን ይዘሻል?» አለቻት አሁን።

ሙሚና ከጡቷ መሐል በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ አወጣች። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰዓዲያ በየወሩ ልጁን ስትለካ የጻፈችበት ነው። የመጨረሻው፣ የሚያዝያው፣ አስራ አንድ ነጥብ ሰባት ይላል። ዓፊያ ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን አቅርባ ሁለት ጊዜ አየችው። ክንዱ ከአስራ ሁለት ሳንቲሜትር የቀጠነ ልጅ ፋፋና ዘይት ይሰጠዋል፤ ከአስራ አንድ የቀጠነ ደግሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መግባት አለበት። ይህን ከስሟ እኩል ታውቀዋለች። አስራ አንድ ነጥብ ሰባት ከአስራ ሁለት በታች ነው። ታዲያ ዱቄት የሚያድለው ሰው የያዘው ዝርዝር፣ እሷ ራሷ ከቢሮ አትማ የላከችው ዝርዝር፣ ይህን ልጅ እንዴት ጤነኛ አለው?

ከማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ ለገጽ ምልክት የምትጠቀምበትን የክንድ መለኪያ አወጣች። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የተቀባ ቀጭን የላስቲክ ሜትር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የልጆች ክንድ ስትመዘግብ ኖራ አንድም ክንድ ለክታ አታውቅም። ሙሚና የልጁን ግራ እጅጌ ሰበሰበችላት። ከትከሻውና ከክርኑ መሐል፣ በጥቁር ክር ሦስት ዙር የታሰረ፣ ክታብ የተሰፋበት ጠፍጣፋ የቆዳ ሒርዝ አለ።

«ሒርዙን እንዳትነኪብኝ» አለች ሙሚና። «ሰዓዲያም ሳትነካው ነው የምትለካው።»

ዓፊያ ሜትሩን አዙራ ጫፉን በቀዳዳው አሳለፈችና ሳታጠብቅ ሳታላላ ሳበችው። ቢጫው ላይ ቆመ። አስራ አንድ ነጥብ ስድስት።

«ምን ይላል?»

«ከዝርዝሩ መግባት ነበረበት።»

ሙሚና አልተቆጣችም። ብትቆጣባት ለዓፊያ ይሻላት ነበር። «ኤዬ» አለች ብቻ፣ እጅጌውን እየመለሰች። «አባቱም እንደሱ ነበር ያለው።»

ዓፊያ ቁልፉን ትታላት ወጣች። በአስፋልቱ ዳር ከመናኸሪያው ወደ ላይ የሚወጡ ባጃጆች ተደርድረዋል፤ አንዱ ሹፌር «ሙዓሊማ፣ በአንድ ብር ላድርስሽ» ሲላት አልሰማችውም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመጋዘኑ በር ላይ፣ ሁለት ትልልቅ መኪኖች ሸራቸው እስኪወጠር ፋፋ ጭነው ቆመዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ከላይ የመጡ ሰዎች ስብሰባ አለ፤ ለአምስት ወር ግራፋቸው ከቀዩ መስመር በታች የቆየ ሦስት ቀበሌዎች ከእደላው ይወጣሉ፣ የእነሱ ድርሻ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። መኪኖቹ የሚጠብቁት ይህን ውሳኔ ነው። ከሦስቱ አንዱ ገንደ ሀሮ ነው። የሦስቱን ግራፍ ያዘጋጀችውም፣ ትናንት በቀለም አትማ በፕላስቲክ ያስለበጠችውም እሷ ናት።

ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ቆማ ጠበቀች። ከጠረጴዛዋ በላይ የገንደ ሀሮ ግራፍ ተሰቅሏል። ቀዩ መስመር ሃያ አንድ ላይ ነው፤ ከተለኩት ሰማንያ አራት ልጆች ሩቡ ማለት ነው። ከሥሩ ከአስራ ሁለት በታች የሆኑትን ልጆች ቁጥር የሚያሳየው አረንጓዴው መስመር ይሄዳል፦ ታኅሣሥ አስራ ስምንት ልጅ፣ ጥር አስራ ዘጠኝ፣ የካቲት አስራ ስምንት፣ መጋቢት ሃያ፣ ሚያዝያ አስራ ዘጠኝ። በልግ የቀረበት፣ በሬ በግማሽ ዋጋ የተሸጠበት፣ የቦርከና ወንዝ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተዘለለ የሚሻገሩት የሆነበት ወራት ነው። መስመሩ ግን እንደ ተኛ ውሃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዲህ የተኛ መስመር እንዴት ሳያስደነግጠኝ ቀረ ብላ አሰበች።

ኸይረዲን ኑርሁሴንን ፈልጋ አገኘችው። ሚያዝያ፤ የክንድ ልክ፦ 12።

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ትዝ አላት። ኅዳር ላይ ነው። ከቀበሌ የሚመጣው ቅጽ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም፤ ከጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከርሞ፣ በሰው ኪስ ታጥፎ፣ የዝንብ ኩስ ተነቁጦበት ነው የሚደርሳት። ነጥቡ የቱ፣ ዝንቧ የጣለችው የቱ እንደሆነ ለመለየት አንዳንዴ በጥፍሯ ትፍቀው ነበር። 118 የሚል አለ፤ 1.18 የሚል አለ፤ ሁለት ነጥብ ያለው አለ። በተሳሳተች ቁጥር አዲሱ ፕሮግራም ይጮኽባታል፤ ሪፖርቱም አይወጣላትም። ሦስት ቀን ሲያስመሻት ከላይ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለች። እሱም ሳቀና፣ «እህቴ፣ ነጥቡ ካስቸገረሽ ነጥቡን አንሺዋ!» አላት። በስልክ እየመራት የክንዱን ዓምድ ከፈተች፤ ከነጥብ በኋላ ስንት አኃዝ ይታይ ለሚለው ዜሮ ብላ ጻፈች። ጩኸቱ በአንዴ ጠፋ። ከዚያ በኋላ 11.7 ብላ ስትጽፍ ስክሪኑ 12 ቢያሳያትም አላሳሰባትም፤ ሙሉው ቁጥር ከውስጥ ያለ፣ ፊቱን ብቻ ያሳጠረ መስሏት ነበር። በዚያው ወር ሪፖርቷ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ፤ በስብሰባ ላይ ተመሰገነች።

አሁን ዓምዱን መልሳ ከፈተች። ዜሮውን ሰርዛ አንድ ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ጥቂት አሰበና ቁጥሮቹ ከላይ እስከ ታች ተለወጡ። 12.0። 12.0። 11.0። 12.0። 13.0። እየወረደች አየች፤ አንድ ገጽ፣ አምስት ገጽ፣ ሃያ ገጽ። ከነጥቡ በኋላ ከዜሮ በቀር ምንም አልነበረም። ፕሮግራሙ ፊቱን አላሳጠረም፤ ቁጥሩን ራሱን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ነጥቡን ጥሎታል። አስራ አንድ ተኩል የሞላውን ሁሉ አስራ ሁለት ብሎ ጤነኛ አድርጎታል። አስር ተኩል የሞላውን አስራ አንድ ብሎ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መግባት የነበረበትን ፋፋ ይዘህ ቤትህ ግባ ብሎታል።

የቀበሌዎቹ ቅጾች መጋዘን ናቸው። የመጋዘን ኃላፊው አብዱልጀሊል፣ ጡረታው አንድ ዓመት የቀረው፣ በሬዲዮ ዜና እየሰማ ጥርሱን የሚፍቅ ሰው፣ የምትፈልገውን ስትነግረው ከወንበሩ አልተነሳም።

«ሞዴል ሃያ አምጪ።»

«ጋሼ፣ ዕቃ ልወስድ እኮ አይደለም። ወረቀት ለማየት ነው።»

«ወረቀት ለማየት ወረቀት ያስፈልጋል፣ ልጄ። መንግሥት እንዲህ ነው የቆመው።» ከዚያ ፊቷን አይቶ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። «ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

«ገና ነው» አለች፤ ምን እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ቁልፉን አንስቶ ቀድሟት ሄደ። የገንደ ሀሮን የአምስት ወር ቅጽ፣ በአይጥ የተቀረደደውን ክላሰር፣ ከዘይት ካርቶን ሥር አወጣላት። ሞዴል ሃያውን በኋላ እንድታመጣለት አደራ አላት፤ ፊርማ የጎደለው ቀን ኦዲተር ይመጣል፣ ሁሌም እንደዚያ ነው አለ። እሷም እዚያው፣ ከዱቄት ሽታው መሐል፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ የካሬ ወረቀት ዘረጋች። ፕሮግራሙ ሳይመጣ በፊት ሥራዋን እንዲህ ነበር የምትሠራው፦ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ አምስት አምስት እየታሰረ የሚቆጠር ጭረት። ነጥቡ የደበዘዘውን ወደ በሩ ብርሃን አንስታ በአጉሊ መነጽር አየች፤ ያጠራጠራትን ለብቻ አስቀምጣ ከሌላው ወር ጋር አስተያየች። የሰዓዲያ የእጅ ጽሑፍ ጥንቁቅ ነው። ሰባቷ መሐሏ ላይ ትሰረዛለች፣ አራቷ ክፍት ናት። አልፎ አልፎ ከስሙ ጎን «እናቱ ታማለች»፣ «ወደ ባቲ ሄደዋል» ብላ ጽፋለች። አንድ ስም መጋቢት ላይ 10.6 ሆኖ ሚያዝያ ላይ የለም። ጎኑም ላይ ምንም አልተጻፈም። ዓፊያ ጣቷን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አሳርፋ ቆየችና አለፈች። አራት ጊዜ ቆጥራ፣ አራት ጊዜም አንድ መልስ ስታገኝ አቆመች። ታኅሣሥ ሃያ አንድ። ጥር ሃያ አራት። የካቲት ሃያ ስምንት። መጋቢት ሠላሳ ሁለት። ሚያዝያ ሠላሳ ስድስት። በሚያዝያ ከአስራ አንድ በታች የሆኑት ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ። መስመሩን በቀይ እርሳስ ስታሰምረው ቀኝ ጫፉ ከወረቀቱ ሊወጣ ደረሰ። ነገሩ ገባት፦ በዝርዝሩ የገቡት ፋፋ እየበሉ ይወጣሉ፣ በእነሱ ቦታ ሌሎች ይገባሉ፣ ቁጥሩ የተኛ ይመስላል፤ ያልገቡት ግን ከአስራ ሁለት ሥር እየተጠራቀሙ ኖረዋል፣ ማንም ሳያያቸው። የወንድሟም ልጅ እዚያ ክምር ውስጥ ነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ወደ ኃላፊዋ ወደ አቶ ሣህሌ ቢሮ ገባች። አቶ ሣህሌ ሠላሳ ዓመት በአገልግሎት የቆየ፣ በ1977 በእርዳታ ጣቢያ ዱቄት የመዘነ፣ ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲበላ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ የሚጨርስ ሰው ነው። ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀመጠችለት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ይኼ ሁሉ ከነጥብ የመጣ ነው?»

«አዎ።»

«ዓምዱን ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ።»

የጣራው ማራገቢያ እየተንቀጠቀጠ ይዞራል። አቶ ሣህሌ ቀዩን መስመር በጣቱ ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ። «ሌሎቹስ ቀበሌዎች? እነሱንም አስልተሻል?»

«ይህን አንዱን ብቻ ነው የደረስኩበት። ሠላሳ አንዱ ይቀራል። ዓምዱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።»

ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ከተላከ ቆይቷል፤ ሌላው መሥሪያ ቤት የራሱን ዕቅድ በላዩ ላይ ሠርቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አባት፣ ዛሬ ስብሰባው እንዳለ ይለፍ አላት። ነገ ቁጭ ብለው ሁሉንም በዝግታ ያርሙታል፤ በሚቀጥለው ወር ሪፖርት ላይ «የተሻሻለ መረጃ» ተብሎ ይገባል፤ ማንም አይጎዳም፣ እሷም ከሥራዋ አትነሳም። «ለሠላሳ ቀን ነው፣ ዓፊያ። ሠላሳ ቀን ምንድን ነው?»

«መኪኖቹ ዛሬ ነው የሚሄዱት፣ አቶ ሣህሌ።»

እሱም የእሷን ወረቀት አጥፎ በመሳቢያው ውስጥ አስገባው። ቁልፉን ግን አላዞረውም፤ እሷም ያንን አየች።

ስብሰባው በሰዓቱ ተጀመረ። ከላይ የመጡት ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ቤተልሄም የምትባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ስትናገር በእስክሪብቶዋ የማትጫወት ሴት ናት። የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የዓፊያ ሥራ ከፕሮጀክተሩ ጎን ቆሞ ገጽ መቀየር ነው። የመጀመሪያው ቀበሌ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም የተኙ። የገንደ ሀሮ ገጽ ግድግዳው ላይ ሲበራ አቶ ሣህሌ፣ «ይኼም እንደምታዩት የተረጋጋ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። የውሃውን ክዳን ከፈተ፤ አልጠጣም። ዓፊያ ወደ እሱ ሳታይ ተናገረች።

«ይህ መስመር ልክ አይደለም። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ነጥቡን፣ ዜሮውን፣ ሠላሳ ስድስቱን። አቶ ሣህሌ ተነስቶ ወጣ፤ የታጠፈውን ወረቀት ይዞ ተመለሰ፣ ጠረጴዛው ላይም ዘረጋው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራሙ፣ ሳቅ አለ። «ለነጥብ ብለን መኪና ልናቆም ነው? የአምስት ሚሊ ሜትር ጉዳይ እኮ ነው!»

«የልጅ ክንድ ላይ ነው አምስት ሚሊ ሜትሩ» አለች ዓፊያ። ሳቁ ቆመ።

ቤተልሄም ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ጭረቶቹን ለራሷ ቆጠረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ፣ ያለ ክፋት፣ «ኮምፒውተሩ እንደተሳሳተ አሳየሽን። ወረቀቱስ ላይ ያለው ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ወረቀቱ አይሳሳትም» አለች ዓፊያ። «ክንዱ ላይ የተለካ ነው። እኔም ዛሬ ጠዋት አንዱን በእጄ ለክቼ አመሳክሬዋለሁ።»

ቤተልሄም ጻፈችው። ሲወያዩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ገንደ ሀሮ ከእደላው አይወጣም፤ ነገር ግን አጣሪ ቡድን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሄዶ ልጆቹን ዳግም እስኪለካ ድርሻው ከመኪና ወርዶ በማኅተም ታሽጎ መጋዘን ይቆያል። ሌሎቹ ሁለት ቀበሌዎች ስህተታቸው በወረቀት ስላልታየ እንደታቀደው ይወጣሉ። የመረጃ ሠራተኛዋ ለተፈጸመው ጉድለት በጽሑፍ መልስ ትስጥ። በሩ ላይ አቶ ሣህሌ አጠገቧ ደርሶ፣ «ከአስራ አንድ በታች የሆኑትን ዘጠኙን ልጆች ለጤና ጣቢያው ደውዬ ስማቸውን አስመዘግባለሁ» አለና፣ ፊቷን ሳያይ ወደ ቢሮው ገባ። ከመስኮቱ ውጭ የመጀመሪያው መኪና ሞተር ተነሳ። በደሴ መንገድ ሲታጠፍ የጎማው አቧራ የቢሮውን መስተዋት ሸፈነው።

አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቤቷ ስትደርስ ሙሚና ክፍሉን ጠርጋ፣ የአልጋውን ልብስ አጥባ ግቢው ውስጥ አስጥታ ነበር። የገበያ ዋጋ አወራቻት። ማሽላ ኩንታሉ ስድስት መቶ ገብቷል፤ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ብር ይበቃ የነበረው ዛሬ ሰባት ብለዋታል። ዓፊያ ስለ ስብሰባው በአጭሩ ነገረቻት። ሦስት ሳምንት ስትል ሙሚና ቀና ብላ አየቻትና ወደ ባልዲዋ ተመለሰች።

«ኑርሁሴን ደውሎልኝ ነበር፣ የጎረቤት ስልክ ተበድሮ» አለች ቆይታ። «ዓፊያ ቤት ነኝ አልኩት። ‹ምን አለችሽ?› አለኝ። ‹ክንዱን ለካችው› አልኩት።»

«እሱስ?»

«ዝም አለ።»

ኸይረዲን ከቀትር ጀምሮ ሦስት ጊዜ አስቀምጦታል፤ ሰውነቱ ላቦት ሆኗል። ሙሚና ልታጥበው ሸሚዙን አወለቀችለት። ውሃው ውስጥ ከማስገባቷ በፊት በጥርሷ የጥቁሩን ክር ቋጠሮ ፈታች። ሒርዝ ውሃ አይነካውም፤ ይህን ዓፊያም ታውቃለች፣ እሷም በልጅነቷ ታስሮላት ያደገች ናት። ሙሚና ሦስቱን ዙር ቀስ እያለች አላቀቀች፣ ሒርዙን ሳም አድርጋ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው። ዓፊያ ፎጣ ልታቀብላት ዞር ስትል ክንዱን አየችው። ሒርዙ የነበረበት ቦታ ነጥቷል። ከላይም ከታችም ካለው ይልቅ ገብቷል፤ ቆዳው ተሸብሽቦ የክሩን ሦስት መስመር ይዞ ቀርቷል። ጠዋት የለካችው ያንን ቦታ ብቻ አልነበረም። ያንን ቦታ፣ ክሩን፣ የሒርዙን ቆዳ አንድ ላይ ነበር።

«አንዴ ቆዪ። ውሃ እንዳታስነኪው።»

ሜትሩን አወጣች። ጠዋት ያደረገችውን ሁሉ እንደገና አደረገች፤ ሳታጠብቅ፣ ሳታላላ። ቢጫውን አልፎ ሄደ። ቀዩ ላይ ቆመ። አስር ነጥብ ስምንት። እንደገና ለካችው። አስር ነጥብ ስምንት።

«ምን ይላል?» አለች ሙሚና። ድምፅዋ ተለወጠ። «ዓፊያ፣ ማል ጎና? ምን እናድርግ? ንገሪኝ።»

«አልብሺው። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ሙሚና ሸሚዙን ስታለብሰው ዓፊያ ወደ በሩ ወጥታ ለሰዓዲያ ደወለች። የገንደ ሀሮ ኔትወርክ ከኮረብታው ጫፍ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሦስተኛው ሙከራ ተገኘች። የነፋስ ድምፅ አለ። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ፤ አካም ኦልቴ፣ ደህና ዋልሽ፣ እናትሽ፣ ከብቱ፣ አልሐምዱሊላህ። ዓፊያ መልሱን ሁሉ መለሰችና ጠየቀች።

«ሰዓዲያ፣ ልጆቹን ስትለኪ ሒርዙን ታወልቂዋለሽ?»

«እናቶቹ እሺ አይሉኝም እቴ» አለች ሰዓዲያ። «መጀመሪያ ወር ላይ አንዷን አውልቂ ብያት፣ ልጁ በሳምንቱ ታመመና ሰፈሩ ሁሉ መምጣት ተወ። እኔም ከሚቀሩብኝ ብዬ… ከላዩ ነው የምለካው። ትንሽ ነገር ነው፣ ቀጭን ቆዳ ነው። ምነው?»

ዓፊያ ጠዋት ከለካችው የማታውን ቀነሰች። ዜሮ ነጥብ ስምንት። ከዚያ፣ ሳትፈልግ፣ የቆጠረቻቸውን ጭረቶች አንድ በአንድ ወደ ታች ማውረድ ጀመረች፦ አስራ አንድ ነጥብ አምስቱ፣ አስራ አንድ ነጥብ ሁለቱ፣ አስራ ሁለት ነጥብ አንዱ፣ በአረንጓዴው ያለፉት፣ ደህና ናቸው ያለቻቸው። ወረቀቱ አይሳሳትም ብላቸው ነበር፤ ቤተልሄምም ጽፋዋለች።

«ከሰማንያ አራቱ ሒርዝ የሌለው ስንት ነው?»

«ቆይ ላስብ።» ሰዓዲያ ለራሷ ስም ስትጠራ ተሰማ። «የዘሊካ መንታዎች አልነበራቸውም… አይ፣ እነሱም በረመዳን አሰሩላቸው።» ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደውና መለሰው። «የለም እቴ። አንድም የለም።»

ሙሚና ልጁን ይዛ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ሒርዙን ጨብጣዋለች። «መልሼ ልሰርለት?» አለች።

ዓፊያ ስልኩን ዘጋች። ልጁን ተቀብላ ራሷ አዘለችው፤ ነጠላውን ደረቷ ላይ ስትቋጥር እጁ በትከሻዋ ላይ አልፎ ተንጠለጠለ፣ ያልታሰረው ግራ እጁ። አስፋልቱ ላይ ሁለተኛው መኪና እየወጣ ነበር። እስኪያልፍ ቆመው ጠበቁት፤ ረጅም መኪና ነው፣ ቶሎ አላለፈም።